የሰው እጅ ያረፈበት

እንዝርት ኮምፒውተር ፋብሪካ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከአሥር ወር የሠራሁት ሥራ ማንሳት ነው። ተገጣጥሞ ያለቀ ኮምፒውተር በመስመሩ ላይ እየተንሸራተተ ይመጣል፤ በቀኝ መዳፌ አነሳዋለሁ፤ ሦስት እስክቆጥር እይዘዋለሁ፤ ደኅና ከሆነ ወደ ቀኝ፣ ካልሆነ ወደ ግራ አስቀምጠዋለሁ። ያንኑ ዕቃ ከእኔ በፊት አራት ማሽኖች መዝነውታል፣ አሙቀውታል፣ አቀዝቅዘውታል፣ አናግረውታል። የእኔ መዳፍ የሚጨምረው ነገር እንደሌለ ፋብሪካው ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። ባለአክሲዮን ግን የሰው እጅ ማየት ይወዳል። ካርቶኑ ላይ «የሰው እጅ ያረፈበት» ተብሎ ተጽፏል፤ እጁ የእኔ ነው።

አንድ አክሲዮን የገዛ ሰው በቀን አንድ ደቂቃ መስኮት ይሰጠዋል፤ መቶ የገዛ መቶ ደቂቃ መስመሩን ያያል። የሠራተኛ ፊት ማሳየት በሕግ ስለተከለከለ የሚታየው እጅ ብቻ ነው። የሰፈራችን ቅሬ ግን የእኔን እጅ ለይቶ ያውቀዋል፤ አውራ ጣቴ ሥር በልጅነቴ የተቃጠልኩት ጠባሳ አለ። ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው። ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክለው፣ መቃብር የሚያስቆፍረው፣ ሐዘንተኛውን የሚያበላው እሱ ነው፤ ኮምቦልቻ ላይ እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ይቀባበራል። ቅሬያችን የዘመናት መጠባበቂያውን ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት አውጥቶ እንዝርት ላይ ሲያውለው ማንም ሒሳብ አልመረመረም። «ሉባባ እዚያ አለች» ተባለ፣ እጅ ወጣ፣ አለቀ። የኢንቨስትመንት ጥናታቸው እኔ ነበርኩ።

ከዚያ ወዲህ ሽማግሌዎቹ ከሰዓት በኋላ ቅሬው ዕቃ ቤት ውስጥ፣ በድስትና በአግዳሚ መሃል ተቀምጠው፣ ግድግዳው ላይ እጄን ሲያዩ ይውላሉ። ማታ ከሰርቪስ ስወርድ ጠብቀው፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንዷን ወደ ግራ የጣልኳት ምን ሆና ነው ብለው ይጠይቁኛል። እኔም የተጠየቅሁትን ትቼ የምሳው ሾርባ እንደቀጠነ፣ ሰርቪሱ እንዳረፈደ፣ ወንበሬን ለሦስተኛ ጊዜ ያለ ፈቃዴ እንዳወረዱብኝ እዘረዝርላቸዋለሁ። ሴቶቹ «ሉባባ ጀመራት» ብለው ይስቃሉ። እንዲህ ሆነን ዓመታት አለፉ።

በ2098 ዓ.ም. ጥር ላይ ሳንቡቅ ታመመ። ሳንቡቅ የቀጣናው ስምንት አገሮች በጋራ የሚገበያዩበት ገንዘብ ነው፤ ስሙ ገንዘቡ ላይ ከተሳለው ባለሸራ ጀልባ የመጣ ነው። መጀመሪያ ባሕሩ ማዶ ያለ አንድ ባንክ ለሦስት ቀን ዘጋሁ አለ። በሳምንቱ ሌላ አገር ያለ ሌላ ባንክ ምክንያት እንኳ ሳይሰጥ ዘጋ። በወሩ የሳንቡቅ ዋጋ ከቀድሞው ወደ ሩብ ሊወርድ ምንም አልቀረውም። ዳቦ ቤቶች ዋጋ በየሰዓቱ መቀየር ስለጀመሩ ሰው ቁርሱን ጎህ ሳይቀድ ይገዛ ጀመር። አውቶቡስ ላይ ሲሳፈሩ የነበረው ታሪፍ ሲወርዱ ሌላ ሆኖ ይጠብቃል፤ ስለዚህ ብዙዎች አንድ ፌርማታ ቀድመው እየወረዱ ይራመዱ ነበር።

ከዚያ ሰው የሰው ዘንቢል ማየት ጀመረ። ሁለት ኪሎ ጨው የገዛ አንድ ነገር ሰምቷል ማለት ነው። የሰፈራችን ፀጉር አስተካካይ አንድ ጠዋት ሩብ ሰዓት አርፍዶ ቢመጣ በሩ ላይ አሥራ አንድ ሰው ቆሞ አገኘ፤ አንዳቸውም ፀጉር ሊስተካከሉ አልነበረም የቆሙት። ሸሽቶ እንደሆነ ለማየት ነው።

እንዝርት ክፍሎቹን ከሩቅ ምሥራቅ በውጭ ገንዘብ ይገዛል፤ ያለቀውን ኮምፒውተር ለስምንቱ አገሮች ትምህርት ቤቶች በሳንቡቅ ይሸጣል። ሳንቡቅ ሲወርድ አንዱን ኮምፒውተር ለመሥራት የሚወጣው ከሚሸጥበት በለጠ። ትምህርት ቤቶቹም ትእዛዛቸውን ሰረዙ። የካቲት ላይ ቺፕ የጫነው መርከብ ወደብ ደርሶ፣ ካልተከፈለኝ አላራግፍም ብሎ ቆመ። በቀጣናው ሌሎች ሁለት ኮምፒውተር ሠሪዎች ነበሩ። ቺፕ ሲያልቅባቸው መስመራቸውን አቆሙ፤ መስኮታቸው ጨለመ፤ ባለአክሲዮኑ እስከ ምሳ ሰዓት ተጋፍቶ ሸጠ፤ ማታ ላይ ፋብሪካ የሚባል ነገር አልነበረም። መንግሥታቱ ደንግጠው አዲስ ደንብ አወጡ፤ ማንኛውም ሽያጭ የሚጸድቀው በሠላሳኛው ቀን ነው፤ በመሃል የፋብሪካው መስመር ከቆመ ሽያጩ እንዳልተደረገ ይቆጠራል። እንዝርትም ከጎረቤቶቹ ትምህርት ወሰደ። መስመሩን አላቆመም።

የካቲት ሃያ ሦስት ቀን ጠዋት አንዱን ሳነሳ እጄ ወደ ላይ ዘለለ። ሙሉ ነው ብዬ ያነሳሁት እንስራ ባዶ ሲሆን እንደሚሆነው ነው። ወደ ግራ ላስቀምጠው ስል ሱፐርቫይዘሬ ናሆም በጆሮዬ ማዳመጫ ገባ። ናሆም ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ፣ ሁልጊዜ የታመመ ሰው እንደሚያስታምም የሚናገር ወጣት ነው። ወደ ቀኝ እንዳደርገው ነገረኝ። ቀጥሎ ደግሞ ቀስ ብዬ እንዳነሳ፣ የእጄ አንጓ እንደ ድሮው ትንሽ ዝቅ እንዲል ነገረኝ። ዝቅ አደረግሁት። የሚቀጥለውም ባዶ ነበር።

ውስጥ ለነበርን ሁላችን ነገሩ በሁለት ቀን ገባን። አራት መቶ ባዶ ኮምፒውተሮች አሉ። ይገጣጠማሉ፣ እኔ አነሳቸዋለሁ፣ ይታሸጋሉ፣ በፊት በር ወጥተው መኪና ላይ ይጫናሉ። መኪናው ፋብሪካውን ዞሮ በኋላ በር ያስገባቸዋል፤ እዚያ መስኮት የለም። የኋላ ክፍል ሴቶች ካርቶኑን ሳይቀድዱ ከፍተው፣ ብሎኑን ፈትተው፣ ሽፋኑን ወልውለው ለጠዋት ያደርሱታል። አንዱን ከጥግ በኩል ባለው ጭረት ስለማውቀው በቀን ሁለት ጊዜ ሲመጣ ሰላምታ የምሰጠው እየመሰለኝ ነበር። የመጀመሪያው ሰሞን እጄ ይሳሳት ነበር። ከዚያ ለመደ፤ እንዲያውም ባዶውን ከሙሉው የበለጠ ከባድ አስመስለው ጀመር። ናሆም አመሰገነኝ፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ የተመሰገንኩት ያኔ ነው።

የመተማመኛ መመሪያ የሚባል አስፈረሙን። ሠራተኛ ከአንድ ኪሎ በላይ ስኳር አይገዛም። መንገድ ላይ በፍጥነት አይራመድም። ሻንጣ አያስጠግንም። ስለ ፋብሪካው ክፉ አይናገርም። ሰርቪስ ሲጠብቅ ፊቱን አያጨፈግግም። ያየሁት ነገር ያስቃል ብዬ ለመሳቅ ዞር ስል የሚስቅ ሰው አልነበረም። ፈረምኩ።

የፈረምኩት ፈርቼ ብቻ አይደለም፤ እውነቱን ልናገር። እንዝርት ውስጥ የሠራተኞች ፈንድ አለ። ዘጠኝ መቶ ሰው ከደመወዙ በየወሩ ያስገባል፤ ሃያ ዓመት የሞላው ጡረታውን ከእሱ ይወስዳል፣ ያልሞላው ባዶ እጁን ይወጣል። እኔ ሐምሌ ላይ ይሞላልኛል። ደንቡ ደግሞ ገዢ ያጣ አክሲዮን ሁሉ ዋጋው እንዳይወድቅ በፈንዱ ገንዘብ ይገዛል ይላል። ስለዚህ የካቲት ላይ ወደ ቤቴ ሄጄ «ሽጡ» ብል፣ የሚሸጡት ለእኔ ነው፤ የሚከፈሉትም ጡረታዬን ነው። ናሆም ይህን በዚያ በሚያስታምም ድምፁ ሁለት ጊዜ አስረድቶኛል። ዝም ካልኩ፣ ሳንቡቅም እስከ ሐምሌ ካገገመ፣ መርከቡም ካራገፈ፣ ሁላችንም እንተርፋለን። ካላገገመ የቅሬው ድንኳን፣ የቅሬው መቃብር፣ የእትዬ ዘምዘም መገነዣ ሳይቀር ይሄዳል። ዝም አልኩ። ሐምሌን መረጥኩ።

መጋቢት ሲገባ ሰፈሩ ይለወጥብኝ ጀመር። እትዬ ዘምዘም የግድግዳ ጎረቤቴ ናት፤ ሃያ ዓመት ስንጎራበት ውሃ በልክ የምታበድረኝ፣ ጎዶሎ ስመልስላት የምትናገረኝ ሴት ናት። እሷ በየማለዳው አንድ ኩባያ ወተት ይዛ መምጣት ጀመረች። ቆማ ስጠጣ ታየኛለች። ዓይኗ ግን ከኩባያው አልፎ ወደ ውስጥ፣ ወደ አልጋዬ ሥር ይሄዳል፤ ሻንጣ እየፈለገች ነው ብዬ ጠረጠርኩ። ወተቱን ብቀበልም ስትወጣ በሩን እቆልፍ ነበር።

የቅሬው ዳኛ ጋሼ ደምሌ ደግሞ እንቅልፍ እንዴት ነው ይለኝ ጀመር። ሰማንያ ሊሞላው የደረሰ፣ ለሰው እንቅልፍ ተጨንቆ የማያውቅ ሽማግሌ ነው። የድስት ማጠብ ተራዬ ሲደርስ «አንቺ ዕረፊ» ተባልኩ። ቅሬ ውስጥ ተራ አይዘለልም፤ ወላድ እንኳ በአርባ ቀኗ ታጥባለች። እንዳልቀርባቸው ነው፣ ከኋላዬ የሚያወሩት አላቸው ብዬ ደመደምኩ። አንድ ቀን ዕቃ ቤቱን ሳልጠበቅ ብገባ ስድስት ሰው በአንድ ጊዜ ስለ ዝናብ ማውራት ጀመረ። ግድግዳው ላይ መስኮቱ ተከፍቷል፤ የሚያየው ግን አልነበረም።

እኔም ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። ጥርጣሬያቸውን ላርቅ ብዬ ከሰርቪስ ስወርድ ለእትዬ ዘምዘም ዳቦ ይዤላት መግባት ያዝኩ። የጋሼ ደምሌን ጉልበት ጠየቅሁ፣ ቅባት ገዛሁለት። ሾርባው እንዴት ነው ሲሉኝ ጥሩ ነው አልኩ። ሰርቪሱስ ሲሉኝ በሰዓቱ ነው አልኩ። ከመንገዱ ማዶ ሱቅ ያለው ሙሔ፣ የማዶው ቅሬ ጸሐፊ፣ በየጠዋቱ አንገቱን አውጥቶ «ሉባባ፣ እንዴት ነው?» ይለኛል። የእነሱም መጠባበቂያ እኛን አይቶ እንዝርት ገብቷል። «ሰላም ነው፣ ምን ይሆናል» እለዋለሁ። እሱም ራሱን ነቅንቆ ወደ ስልኩ ይመለሳል፤ ሰሞኑን ከስልኩ ላይ ዓይኑን አይነቅልም ነበር።

ግንቦት መግቢያ ላይ ከቅሬያችን አባላት ሸህ አሕመዴ ሞቱ። በቀብራቸው ዕለት ዝናብ ጣለ፤ ድንኳኑ በአራት ቦታ ያፈስ ነበር። የሸሁ ሚስት ሐዘን ላይ እንደተቀመጡ ከራሳቸው በላይ ጠብ ጠብ ይላል፤ አንድ ሴት ሳህን ይዛ ቆማለች። ሰዎች ጋሼ ደምሌን ድንኳኑ ለምን አይቀየርም ብለው ጠየቁት። ወደ እኔ ሳያይ፣ ድንኳኑ ለጊዜው ይታገሰን፣ ነገር ሁሉ ጊዜ አለው አለ። እኔ ግን አፈርኩ። እነዚህ ሰዎች ሳህን ይዘው የሚጠብቁት እጄን አምነው ነው፤ እጄ ደግሞ ከየካቲት ጀምሮ ይዋሻል።

ሁለት ሳምንት ከራሴ ጋር ስሟገት ቆይቼ ቅዳሜ ከሰዓት ጋሼ ደምሌ ቤት ሄድኩ። በማግስቱ እሁድ የቅሬው ስብሰባ ነው። የምናገረው ስላለኝ የመናገሪያ ተራ እንዲሰጠኝ ጠየቅሁት። ምን እንደሆነ አልጠየቀኝም፤ ይህም እንግዳ ሆነብኝ፤ ጋሼ ደምሌ ሳይጠይቅ የሚተወው ነገር የለም። «ነገ?» አለ ብቻ። «ይሁን።» ስወጣ ከኋላዬ ሚስቱን «ዘምዘምን ጥሪልኝ» ብሎ ሲልካት ሰማሁ።

እሁድ ገና ጎህ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። በቀዳዳው ሳይ ጋሼ ደምሌ ነው፤ ከኋላው እትዬ ዘምዘምና ሁለት ሽማግሌዎች አሉ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል።

በዚህ ሰዓት፣ በዚህ አለባበስ፣ በዚህ ቁጥር ወደ ሰው ቤት የሚመጣው ለአንድ ነገር ብቻ ነው። መርዶ ነው። አንድ ልጅ አለችኝ፤ ኢክራም ወደብ ላይ ክሬን ትነዳለች። ያን በር እንዴት እንደከፈትኩት አላውቅም፤ ደፉ ላይ ተቀመጥኩ።

«ኢክራም ደኅና ናት» አለ ጋሼ ደምሌ ጎንበስ ብሎ። «ትናንት ደውለንላታል። ሰው አልሞተም፤ አብሽሪ።»

ደግፈው አስገቡኝ። እትዬ ዘምዘም አጠገቤ ተቀምጣ እጄን፣ ጠባሳ ያለበትን፣ በሁለት እጇ ያዘች። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። እኔም ታዲያ ምን ልትነግሩኝ መጣችሁ አልኩ።

«ፋብሪካሽ ሞቷል፣ ሉባባ» አለ ጋሼ ደምሌ።

እንዲህ ያለ ነገር ደርሶብኝ አያውቅም። ልነግራቸው ያዘጋጀሁትን መርዶ እነሱ አረዱኝ። ቺፕ የጫነው መርከብ ወደ አገሩ ከተመለሰ ወር እንዳለፈው ነገሩኝ፤ ይህን ከኢክራም ነው የሰሙት፤ ለእኔ እንዳትናገር አስምለዋታል። እኔ አላውቅም ነበር። ይራገፋል እያልኩ ሐምሌን ስቆጥር የነበርኩት ለሌለ መርከብ ነው። ፋብሪካው ባዶ እንደሆነ ግን ከዚያም በፊት፣ ከመጋቢት ጀምሮ ያውቁ ነበር።

«እጄ ነው ያሳበቀው?» አልኩ።

«እጅሽማ ጎበዝ ነው፤ እጅሽን አምነነው ነበር» አለ። «አፍሽ ነው። ማማረር አቆምሽ።»

እትዬ ዘምዘም አቀርቅራ ራሷን ነቀነቀች።

«አርባ ዓመት መርዶ ስናገር ኖሬያለሁ» አለ ጋሼ ደምሌ። «ሞት የደበቀ ሰው ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ጥሩ ሰው ይሆናል። ዳቦ ይዞ ይመጣል። ጉልበት ይጠይቃል። አንቺ ሾርባው ጥሩ ነው ያልሽ ቀን እኔ ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።»

ያኔ ወተቱ ገባኝ። ድስት ማጠቡ፣ እንቅልፉ፣ ስለ ዝናቡ ወሬ ገባኝ። እኔ እነሱን እንደ ሐዘንተኛ ሳባብል፣ እነሱም እኔን እንደ ሐዘንተኛ ሲያባብሉኝ ነው የከረምነው። ሃያ ዓመት ሊሞላሽ ጥቂት ሲቀርሽ እንዴት ብለን እንንገርሽ፣ ቀን እንጠብቅላት ተባብለን ተስማማን አለችኝ እትዬ ዘምዘም። ልቤ ራራ። እንባዬ መጣ። ሦስት ወር ሙሉ የቆለፍኩት በር አሳፈረኝ።

ከዚያ ግን መጠየቅ ልማዴ ነውና ጠየቅሁ። ዛሬ ለምን መጣችሁ አልኩ። ቀኑ ደረሰ ወይ አልኩ።

ጋሼ ደምሌ ተነስቶ መስኮቱን ዘጋው፤ የእኔን የቤቴን መስኮት ነው፤ ቀጥሎም በሩን ገፋ አደረገው። ተመልሶ ሲቀመጥ ድምፁን ቀነሰ። ቅሬው ድርሻውን በሙሉ ከሸጠ አሥራ ስምንት ቀን ሆኖታል። በሠላሳው ይጸድቃል። እስከዚያ ሌላው ሰው ደንግጦ መሸጥ ከጀመረ ፋብሪካው ይወድቅና መስመሩ ይቆማል፤ መስመሩ ከቆመ የቅሬው ሽያጭ ይሰረዛል። እኔ ደግሞ ዛሬ በስብሰባ ፊት ልናገር ነው። ስብሰባው ላይ የማዶ ሰዎች አማቾችና አበልጆች አሉ። ስለዚህ ቀድመው መጡ።

«ማን ገዛው?» አልኩ።

«ስም የለውም፤ ቁጥር ብቻ ነው የወጣልን» አለ።

«ማንም ይሁን ማን፣ አላህ ይስጠው» አለች እትዬ ዘምዘም። «የቀብራችንን አተረፈልን።»

ቁጥሩን እንዲያሳዩኝ አልጠየቅሁም። ገዢ ያጣ አክሲዮን የሚገዛው ፈንዱ ነው፤ ቁጥሩንም በየወሩ የደመወዝ ወረቀቴ ግርጌ ላይ ሃያ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ሳየው ኖሬያለሁ። አክሲዮኑን የገዛሁት እኔ ነኝ፤ እኔና ዘጠኝ መቶ ሰው፤ የኋላ ክፍል ሴቶች፣ ካርቶን የሚያሽጉት፣ ናሆምም ሳይቀር። የመርዶው እውነተኛ ፍሬ ይህ ነበር፤ ያረዱኝ ሰዎች ግን አላወቁትም። ወይም አላወቁም ብዬ ነው የማምነው። ጋሼ ደምሌ ዓይኑን ነጠላው ጥለት ላይ ጥሎ ነበር።

ጮኼ ማልቀስ አማረኝ። የመርዶ ወጉ እሱ ነው፤ ሰው ሲረዳ ይጮኻል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል። አፌን ስከፍት እትዬ ዘምዘም መዳፏን ከንፈሬ ላይ አሳረፈች። «እናቴ፣ ድምፅሽን» አለች። «አሥራ ሁለት ቀን ብቻ።» መርዶ ተረድቶ አታልቅሽ የተባለ ሰው በዚህ አገር የመጀመሪያው እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ተናደድኩ። መናደዴን ልደብቅ አልችልም። ገዢው እኔ ነኝ ብዬ ብናገር ምን ይላሉ ብዬ አሰብኩ። ምናልባት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ይጭናሉ፤ ምናልባትም ትንሽ ዝም ብለው፣ አሥራ ሁለት ቀን ብቻ ይላሉ። ሁለተኛውን መስማት ፈራሁ። ደግሞም ሌላ ነገር አለ፤ እንዝርት ኖረም ሞተም አንድ ቀን ገንዘው የሚቀብሩኝ እነዚህ ናቸው። ናሆም አይቀብረኝም። ዘጠኝ መቶውን አሰብኳቸው፤ አሰብኳቸውና ዝም አልኩ። የካቲት ላይ ለራሴ ዝም ያልኩት ዝምታ አሁን ለእነሱ ሆነ፤ ክብደቱ ግን ያው ነው።

ጋሼ ደምሌ ሊወጣ ሲነሳ ሁለት ነገር ጨመረ። አንደኛ፣ ሽያጩ ሲጸድቅ ቅሬው ለእኔ ቤተሰብ እንደሞተበት ሰው የሐዘንተኛ ድርሻ እንዲከፈለኝ ወስኗል። ከራሴ ጡረታ ለራሴ ለቅሶ መዋጮ ማለት ነው፤ አላህ ይስጥልኝ አልኩ። ሁለተኛው ጥያቄ ነበር።

«ከነገ ጀምሮ እንደ ድሮሽ አማሪ» አለኝ። «ሙሔ ሰሞኑን ጠርጥሯል። አንቺ ዝም ስትይ እኛ እንዳወቅን እሱም ማወቁ አይቀርም። ስለ ሾርባው ተናገሪ፤ ስለ ሰርቪሱም። ሰው ይስማሽ።»

ስብሰባው ላይ የመናገሪያ ተራ ተሰጠኝ፤ የድንኳኑን ቀዳዳ እንደፍን ዘንድ መርፌ የሚችል ካለ ብዬ ተቀመጥኩ።

ሰኞ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ሰርቪስ መጠበቂያው ወጣሁ። መመሪያው እንደሚያዘው በቀስታ ተራመድኩ። በእኛ በኩል የእያንዳንዱ ቤት በር አንድ ጣት ያህል ገርበብ ብሏል፤ ከየበሩ ጀርባ ማን እንደቆመ አውቃለሁ። ከማዶ ሙሔ ከሱቁ ደጃፍ ላይ ተቀምጧል፤ ስልኩ ጭኑ ላይ ነው፤ ጣቱ እላዩ ላይ ነው። ሚስቱ ከጎኑ ቆማ በጆሮው የምትለው ነገር አለ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ።

«ሉባባ፣ እንዴት ነው?» አለ።

አፌን ስከፍት ምን እንደምል አላውቅም ነበር። «ምን እንዴት ነው ትለኛለህ» አልኩ። «ውሃ ነው የሚያጠጡን። ሾርባ ብለው ውሃ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከአሥር ወር ውሃ ነው ያጠጡኝ፣ ሙሔ።» ድምፄ ከፍ አለ፤ ማቆም አቃተኝ። ወንበሬን እንዳወረዱብኝ ተናገርኩ። ወገቤን እንደበሉት፣ ዓይኔን እንደበሉት፣ ዕድሜዬን እንደበሉት፣ ለእኔ ያስቀመጡልኝ አንድም ነገር እንደሌለ ተናገርኩ። እሁድ የተከለከልኩት ለቅሶ ያኔ መጣ፤ እንባዬ ጉንጬን አልፎ አንገቴ ሥር ገባ፤ ደረቴን መታሁ። በእኛ በኩል በሮቹ አንድ በአንድ ቀስ ብለው ተዘጉ።

ሙሔ ሳቀ። ከልቡ፣ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። ስልኩን ኪሱ ከተተና ወደ ሚስቱ ዞሮ «አልነገርኩሽም? ሰላም ነው» አላት። «ሉባባ እያማረረች ነው። አንሸጥም።»

ሰርቪሱ በሰዓቱ መጣ።